እርጉዝ ላም ሩቅ አትነዳም

ተናኘወርቅን መንገድ ላይ አግኝቶ «እንደምን ዋልሽ?» ያለ ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ደክሞኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።» ድካሙና ምስጋናው እንደ መንታ ልጆች ተያይዘው ነው ከአፏ የሚወጡት። ነገሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ገበያ ዳር ወተት የሚሸጡት የቦረና ሴቶች እንኳ ከሩቅ ሲያዩዋት «አካም፣ ደክሞኛል!» እያሉ ይጠሯታል። እሷም ትስቅና ታልፋለች።

ድካሙ ግን ቀልድ አልነበረም። የተወለደችው ሀገረ ማርያም ነው፤ አባቷ ከሰሜን መጥተው ቡና የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጣላችም እየታረቀችም ስላደገች ኦሮምኛው ከአማርኛዋ እኩል ነው። ጥቂት ከተማረች በኋላ ሃምሳ አለቃ ኃይሌን አግብታ ነገሌ ገባች። ኃይሌ ኑሮው ጠረፍ ላይ ነው። ለእረፍት ሲመጣ ቤቱን በጓደኞቹ ይሞላዋል፤ ሲሄድ የታጠበ ልብሱን ተሸክሞ ይሄዳል። አማቷ ወገባቸውን ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ጠዋት እሳቸውን አጥባ፣ አብልታ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙራ ወደ ሥራ ትሮጣለች፤ ማታ ተመልሳ ያንኑ ትደግማለች። ልጅ አልወለደችም። ይህንንም ከተማው ያውቃል፤ ደግነቱ ማንም አያነሳባትም።

ሥራዋ በቆዳና በሌጦ ኩባንያው ውስጥ ነው። ስሙ ጸሐፊ ነው እንጂ ደብዳቤ መምታቱ ከሥራዋ ትንሹ ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው፤ ሾፌር ሲሰክር የምትመክረው እሷ ናት፤ ጨው ነስናሾቹ ሲጣሉ የምታስታርቀው እሷ ናት። ቀሚሷ የቆዳና የጨው ሽታ እንዳይለቀው ሆኖ ስለያዘ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ኋላ ነው የምትቆመው።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሥዩም ቢሮው ጠራት። ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው፤ ጫማውን ከነገሌ አቧራ ለማዳን የሚታገል፣ ልቡ ደግ የሆነ ሰው ነበር።

«ወይዘሮ ተናኘ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎልናል። ዘንድሮ ሐኪም ቤት ለተኙ፣ ጠና ላለባቸው ልጆች በጎ አድራጎት እንድናደርግ ነው። ገንዘብ ሰጥቶ፣ ጨብጦ መሄድ አይደለም የተፈለገው። ሠራተኛው ራሱ በገዛ እጁ ከልጆቹ ጋር አንድ ነገር የሚሠራበት ቀን መሆን አለበት። ፎቶግራፍም ይነሣል።»

«ምን ይሠራል ታዲያ?»

«እሱን እርስዎ ያሰናዱታል። ሴት ነዎት፤ የልጅ ነገር እናንተ ታውቃላችሁ።»

ልጅ እንደሌላት እሱ አያውቅም፤ በክፋት አላለውም። ብቻ፣ ኋላ ስታጫውተኝ «የዚያን ቀን ታይፑ ራሱ ከበደኝ» አለችኝ።

አቶ ሥዩም በራሱ በኩልም ያሰበው ነበረው። የጦሩ ማርሽ ባንድ ይምጣ፤ የጆንያ ሩጫ ይኑር፤ ገመድ ጉተታ ላይ ሠራተኛ ከልጆች ጋር ይቀላቀል። ተናኘወርቅ «እሺ» ብላ ወጣች። «እሺ» ማለት ከመከራከር ያነሰ ያደክማል።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደች። የልጆቹን ክፍል የምትይዘው ነርስ ሲስተር የዓለምወርቅ ናት፤ ምላሷ እንደ መርፌዋ ነው ይሏታል። የአቶ ሥዩምን ሐሳብ አንድ በአንድ ስታዳምጥ ቆየችና፣

«የጆንያ ሩጫ?» አለች። «ነይ እስቲ እይልኝ። የሚቆም ልጅ ካገኘሽ እኔም ጆንያ ገብቼ እሮጣለሁ።»

በሩን ከፈተችላት። የወታደር ልጅ የሆነው በላይነህ ኩላሊቱን ታሞ ፊቱ እንደ ሊጥ አብጧል። ጃታኒ የሚባለው ከሁሉም ተለቅ ያለ ልጅ ልቡ ታማሚ ነው፤ ተደግፎ ካልተቀመጠ አይተነፍስም። ሸምሳ የምትባል የነጋዴ ልጅ ሁለት እግሯ ተቃጥሎ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጥግ ላይ ደግሞ ስንቄ አለች፤ የአከርካሪ ነቀርሳ ይዟት ከደረቷ እስከ ዳሌዋ በጀሶ ታስራለች። እጆቿ ብቻ ነፃ ናቸው፤ እነሱንም ደረቷ ላይ አጣጥፋ ጣሪያ ታያለች። ሌሎችም አሉ፤ ሁሉም ጸጥ ያሉ። ተናኘወርቅ የልጅ ጸጥታ እንዲያ ያስፈራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«በሽታቸው የሚጋባው ሌላ ክፍል ናቸው» አለች ሲስተር። «እነዚህን ማቀፍ ይቻላል። የሚያቅፋቸው ነው የጠፋው።»

ከስንቄ አልጋ ሥር እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሲስተር ተናኘወርቅን ክንዷን ያዘቻት።

«አምላክ ነው የላከሽ። ኦሮምኛዬ ‹አካም› ላይ ነው የሚያልቀው። ይቺን ሴት ንገሪልኝ። ልጅቷን አሁን ካወጣቻት ጀርባዋ ይሰበራል፤ መርፌው ከተቋረጠም ዝናቡን አታየውም። ከዓመት ያላነሰ ይቀራታል።»

ተናኘወርቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነገረቻት። የስንቄ እናት አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ በቀስታ መለሰች።

«ነርሷ ክፉ አይደለችም። ግን ባሌ ጂሎ ልኮብኛል፤ ድርቁ ጠንቷል፣ ከብቱን ወደ ኤላው፣ ወደ ውሃው ጉድጓድ ሊያወርድ ነው፤ ያለ እኔ ማን ያልባል? ልጄንስ እዚህ ብተዋት ምን ታደርጋለች? ጣሪያ ታያለች። ከመጣን ጀምሮ ‹አይ› ብላ አታውቅም፤ ‹እሺ›ም ብላ አታውቅም። ሞቷ ካልቀረ እዚያ ከብት እያየች ትሙት።»

«ልጅሽ ልትድን ትችላለች ይላሉ እኮ፣ እኅቴ።»

«ይላሉ። ለጂሎ ‹ይላሉ› ብዬ ልንገረው?»

ተናኘወርቅ ጨንቋት የኩባንያውን ዝግጅት አነሣች፤ ሰዎች ከልጆቹ ጋር ሊውሉ እንደሚመጡ፣ ቀኑም ቅዳሜ፣ ቅርብ እንደሆነ፣ እስከዚያ ብትቆይ ምን ይጎዳታል ብላ ለመነቻት። ሴትዮዋ አሰበች።

«እንግዳ ይመጣል ከተባለ በር ዘግቶ መሄድ ነውር ነው» አለች። «ቅዳሜን እቆያለሁ። እሑድ ይዣት እሄዳለሁ።»

ፎቶ ሊነሡበት የታሰበ ቀን ነበር፤ አሁን የአንዲት ልጅ ነፍስ ተንጠልጥሎበታል። ይህን የምታካፍለው ሰው ደግሞ አልነበራትም።

ልትሄድ ስትል የጃታኒን ብርድ ልብስ አየች። ጭኑ ላይ ጠጠር ደርድሯል፤ ትላልቁ ከፊት፣ ደቃቃው ከኋላ፣ አንድ ጥቁር ጠጠር ብቻውን ዳር ላይ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው።

«ሎን» አለ። ከብት ማለቱ ነው። «ጥቁሩ ኮርማ ነው። አመለኛ ነው፤ ለብቻው አቁሜዋለሁ።»

ሲስተር ከኋላ ሆና ተነፈሰች። «ማታ ማታ ከአልጋው ላይ ጠጠር ስለቅም ነው የምኖረው።»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት። «መጣላት» ከማለት «ወደቀባት» ማለት ይሻላል፤ ሥራ የሚጨምር ሐሳብ ነበርና። መጋዘኑ ሙሉ ቆዳ ነው፤ ቁርጥራጩ በየጥጉ ይጣላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር አብረው አንድ ላም ቢሰፉስ?

ቆዳ መራጩን አባ ዳዳቻን ፈለገቻቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የቦረና ሰው ናቸው፤ አንድ ክፉ ድርቅ ከብታቸውን ጠራርጎ ከወሰደባቸው ወዲህ ከተማ ገብተው የሌላ ሰው ቆዳ ይመርጣሉ። እሷ «አንቱ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው በተሰባበረ አማርኛቸው ሁሉን ሰው «አንተ» ነው የሚሉት፣ ሴትም ወንድም፣ ሥራ አስኪያጁንም ጭምር።

«ላም?» አሉ፤ ቁርጥራጩን በእጃቸው እያገላበጡ። «አንተ ተናኘ፣ ላም ሞቶ ቆዳ ይሆናል። ቆዳ ተመልሶ ላም ሲሆን አላየሁም።»

«ያዩልኛል እንግዲህ፣ አባ ዳዳቻ።»

«ኤዬ» አሉ፤ በኦሮምኛ እሺ ማለታቸው ነው። ፊታቸው ላይ ምን እንዳለፈ አላስተዋለችም፤ ደክሟት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ሲስተር የዓለምወርቅ ጥሬ ቆዳ ክፍሏ እንደማይገባ ማለች፤ የለፋ ብቻ፣ እሱም ታጥቦ፣ ፀሐይ መትቶት፣ እሷ ራሷ አሽትታው። አባ ዳዳቻ ቆዳውን አለፉት፤ ቅርጹን ቆረጡ፤ ደካማ እጅ እንዲችለው የስፌቱን ቀዳዳ ቀድመው በወስፌ በሱ። ተናኘወርቅ አማቷ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ የሚሞላውን ጭድ ስትለቅም አመሸች። አቶ ሥዩምን ማርሽ ባንዱን ለማስተው አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀባት።

ከሁሉ የከፋው ሠራተኛው ነበር። ጭነት መጫን የለመደ፣ ጨው እጁን የሰነጣጠቀው ሁሉ የታመመ ልጅ ሲባል ወደ ኋላ ይላል። ሾፌሩ ሙሉነህማ፣

«እቴ ተናኘ፣ እኔ ጎማ እንጂ ላም ሰፍቼ አላውቅም» አላት።

«ጎማ የሚሰፋ ላም አያቅተውም።»

«ብትፈነዳብኝስ?»

«ትነፋታለህ። ይልቅ ስማኝ፤ ሁላችሁም ስሙኝ።» ሚዛኑ ላይ ወጥታ ቆመች። «ገብታችሁ ‹አይዞህ፣ አይዞህ› እያላችሁ ልጁን እንዳታሰለቹት፤ አንዴ ይበቃል። መቼ ነው የምትድነው ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር። ማልቀስ የፈለገ ውጭ ግራር አለ፤ እዚያ ሄዶ ያልቅስ። ቆማችሁ ከላይ አትመልከቷቸው፤ ቁጭ በሉ። ስፌቱን ጨርሳችሁ እንዳትሰጧቸው፤ አንድ እናንተ፣ አንድ ልጁ።»

«ልጁ ባይችልስ?» አለ አንዱ።

«ትጠብቀዋለህ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታጥበው፣ ጸጉራቸውን በቅባት አስተኝተው ገቡ። መጀመሪያ ላይ ከልጆቹ ይልቅ እነሱ ያሳዝኑ ነበር። ከዚያ ሙሉነህ ከሸምሳ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጣቱን በመርፌው ወጋና «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ሲጮህ ሸምሳ ፍርፍር ብላ ሳቀች። እሱ ነገሩን ከፈተው። የበላይነህ ያበጡ ጣቶች ቀዳዳውን ሲፈልጉ ኮስታራው ሚዛን ጠባቂ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ጃታኒ በሁለት ስፌት መካከል ያርፋል፤ አብሮት የተቀመጠውም አብሮ ያርፋል። ክፍሉ ቆዳ ቆዳ ሸተተ። ሲስተር አፍንጫዋን ስታሸሽ ጃታኒ ግን ላሙን ፊቱ ላይ አድርጎ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበ።

«የቤት ሽታ ነው» አለ።

ስንቄ አጠገብ የተቀመጠችው ራሷ ተናኘወርቅ ናት። ሌላ ሰው አላመነችም። ልጅቷ መርፌውን ተቀበለች፤ በተኛችበት እጇን ወደ ላይ አድርጋ ሰፋች። አንድ ቃል አልተናገረችም። እናቷ ጥግ ላይ ጓዟን በገመድ አስራ ጨርሳ ትመለከታለች። ተናኘወርቅ ያንን ገመድ ላለማየት ጀርባዋን ሰጠች።

ከብቶቹ ተሰፍተው አለቁ። የሙሉነህ ላም ሻኛዋ ተንሸራቶ ጀርባዋ መሐል ሄደና ቁጭ አለ። «ግመል ናት!» አለች ሸምሳ በደስታ፤ ሙሉነህም ከመጀመሪያውም ያሰብኩት ግመል ነበር ብሎ ማለ። የቀረው ጆሮ ነው። ጆሮውን አባ ዳዳቻ ሊጨርሱ ትንሿን ቢላዋቸውን ይዘው ከአልጋ አልጋ ዞሩ። ፊታቸው ያበራ ነበር። እያንጎራጎሩ፣ ጆሮውን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው፣ ጫፉን ቅድድ፣ ከሥር ጎኑን ቁርጥ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ከስንቄ ላም ሲደርሱ ተናኘወርቅ ቀና ብላ «ያምራል» አለቻቸው።

ዞረው ሲጨርሱ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ያ የመጀመሪያው ቀን ጸጥታ ተመልሷል። ጃታኒ ላሙን ከጭኑ አንሥቶ ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ከጎኑ ያለውም እንደዚያው። ስንቄ እጇን ሰብስባ ደረቷ ላይ አጠፈች።

የጦሩ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ደቅኖ ቆሟል። «ያንሡት እንጂ፣ ያሳዩኝ!» ይላል።

«ምን ሆኑ? አመማቸው?» አለ አቶ ሥዩም። ሲስተር ግንባራቸውን ልትዳስስ ሮጠች።

ተናኘወርቅ በኦሮምኛ ጠየቀች። በመጨረሻ የተናገረችው ስንቄ ነበረች፤ ድምፅዋ ቆይቶ እንደተከፈተ በር ሲጥጥ አለ።

«የሰው ከብት ነው።»

«የአንቺ ነው እንጂ፣ አብረን ሰፋነው።»

«አይደለም። ጆሮውን እይው።»

የቦረና ከብት ጆሮው ላይ ነው ባለቤቱ የሚነበበው። እያንዳንዱ ወገን የራሱ አቆራረጥ አለው፤ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ከሩቅ አይቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። አባ ዳዳቻም በከብቶቹ ሁሉ ላይ የቆረጡት የገዛ ወገናቸውን ምልክት ነበር። የክፍሉ ከብት በሙሉ የእሳቸው ሆኗል።

ሽማግሌው ቢላዋቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዩ።

«እኔ አላሰብኩም» አሉ። «እጄ ነው። ከብቶቼ ካለቁ ወዲህ የሚቆርጠው ጆሮ አላገኘም። ዛሬ ሲያገኝ... ሄደ።»

ተናኘወርቅ ነገሩን ለአቶ ሥዩም ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ። ያን ያህል ለፍታ፣ ያን ያህል አምሽታ፣ አንድ ሰው ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ሳትጠይቅ ቀርታ። የስንቄ እናት ጥግ ላይ ጓዟን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ሰጥተናችኋል በሏቸው» አለ አቶ ሥዩም። «ኩባንያው ሰጥቷል። አለቀ።»

ነገረቻቸው። ስንቄ ራሷን ትራሱ ላይ አዞረች። «ኩባንያ ምልክት አለው?» አለች። «የለውም። ምልክቱ የሳቸው ነው። እኔ ሌባ አይደለሁም።»

«ማንም ሌባ አላለሽም፣ የኔ ልጅ።»

«በሰው ምልክት የተቆረጠ ከብት ከቤታችን ቢገኝ አባቴ ምን ይላል? አልቀበልም! የአባቴ ምልክት ግራ ጆሮ ላይ ነው፤ ይሄ ቀኝ ነው። አላየሽውም? ዓይን የለሽም?»

ተናኘወርቅ ተቆጣችብኝ ብላ ልትደነግጥ ስትል የእናትየውን ፊት አየች። ሴትዮዋ ከመሬት ግማሽ ተነሥታ፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ ልጇን ትሰማለች።

ከወዲያ ጃታኒ በተቆራረጠ ትንፋሽ ተናገረ። «ዳባሬ ከሆነ... እንወስዳለን።»

ዳባሬ ውሰት ነው። ከብት ያለው ለሌለው ላም ያውሰዋል፤ ወተቷን ወሳጁ ይጠጣል፣ ላሟና የምትወልደው ግን የባለቤቱ ናቸው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳሉ። ምልክቱ ያለበት ሰው በምስክር ፊት ካዋሰ የወሰደው ሌባ አይባልም።

አባ ዳዳቻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወገባቸው ሲቃና ተናኘወርቅ አየች፤ ቁመታቸው ያን ያህል መሆኑን አታውቅም ነበር። ከአልጋ አልጋ እየዞሩ እያንዳንዱን ከብት በሁለት እጃቸው አንሥተው እንደ ባለ ብዙ ከብት አዋሱ፤ ለዚህኛው ወተቷ ብዙ ነው፤ ለዚያኛው ይህቺ ትራገጣለች፣ እግሯን እሰር። በላይነህ በአማርኛ «እኔ የጦር መኪና ነበር የምፈልገው፣ ግን ዳባሬም ይሁን» አለ። ለሸምሳ ግመል ስለማዋስ አላውቅም፣ ሙሉነህን ጠይቅ አሏት። ስንቄ ዘንድ ደረሱ።

«የእኔ አትታለብም» አለች ስንቄ። «ሆዷን ሞልቼዋለሁ። እርጉዝ ናት።»

ሽማግሌው ላሟን አነሡ፤ ሆዷን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ጥቂት አሰቡ።

«ኤዬ፣ እርጉዝ ናት። እንግዲያው ወልዳ፣ ጥጃዋ ሲጸና ትመልሳለህ። እስከዚያ ካለችበት አትንቀሳቀስ። እርጉዝ ላም ሩቅ አትነዳም። ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለች ስንቄ፤ በሁለት እጇ ተቀበለች።

አባ ዳዳቻ የእናትየውን ነገር ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ተናኘወርቅን ጠይቄያታለሁ። እሷም ሽማግሌውን ጠይቃቸው ነበር። «እኔ ስለ ላም ነው የተናገርኩት» ብለው ዘጉባት።

ፎቶው አልወጣም። ፎቶ አንሺው ባነሣው ሁሉ ላይ የአባ ዳዳቻ ጀርባ ብቻ ነው ያለው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ተናኘወርቅ ደጅ ግራሩ ሥር ቁጭ አለች። ጫማዋን አወለቀች። የስንቄ እናት መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እኅቴ፣ ሽማግሌው ያሉት እውነት ነው?»

«የቱ?»

«የላሟ ነገር።»

«የቆዳ ላም እኮ ናት» አለች ተናኘወርቅ፤ ለመዋሸትም ጉልበት አልነበራትም።

«ቆዳ መሆኗን አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ። የምጠይቅሽ ሰውየው በምስክር ፊት አውሷታል ወይስ አላዋሳትም?»

«አውሷታል።»

«ልጄስ ተቀብላለች?»

«ተቀብላለች።»

«ለጂሎ ምን እላለሁ ስል ነው የከረምኩት» አለች ሴትዮዋ። «ሐኪሙ አለ ብዬ ብነግረው፣ ሐኪሙ ከብት ይጠብቅልኛል ወይ ይለኛል። ልጅህ የሰው ላም ይዛለች፣ ቃል ሰጥታለች፣ ላሟ እርጉዝ ናት ብዬ ብነግረው ግን ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ያስባል። ልጄ ዛሬ ተከራከረች፤ ሰማሻት? ዓይን የለሽም አለችሽ።»

«ሰማኋት።»

«የሚሞት ሰው አይከራከርም።» ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «እኔ ነገ ብቻዬን ልሂድ። ከሄድኩ በኋላ ከብቷን ማን ያይላታል?»

ዞራ ተመለከተቻት። «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ተናኘወርቅ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እውነትም ነበር፤ እግሯ አብጧል፣ አማቷ ፊታቸው ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቋታል።

«እኔ አለሁ» አለች። ስታጫውተኝ፣ «ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞሬ አየሁ» አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን ተብሎ የታሰበው ዝግጅት ሳያልቅ ቀረ። አባ ዳዳቻ እሑድ እሑድ «ከብቶቼን ላይ» ብለው ይመጣሉ፤ ባለቤት ያዋሰውን ከብት መጎብኘት አለበትና። ሙሉነህ ከጉዞ ሲመለስ እፍኝ ሣር ይዞ ይመጣል፤ ሲስተር የዓለምወርቅ አልጋዬ በረት ሆነ እያለች ትራገማለች፤ ሣሩን ግን አትጥለውም። ተናኘወርቅ ከሥራ ስትወጣ በሐኪም ቤቱ በኩል ዞራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስንቄ ስለ ላሟ ትነግራታለች፤ ዛሬ በላች፣ ዛሬ ተኮሳተረች። አንዳንድ ቀን ተናኘወርቅ እየሰማች ቁጭ ብላ እንቅልፍ ይወስዳታል። ልጅቷ አትቀሰቅሳትም።

በላይነህ ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተላከ፤ ላሙን ይዞ ሄደ። «አስፈቅዶኛል» አሉ አባ ዳዳቻ። ጃታኒ በክረምቱ አረፈ። ሽማግሌው መጥተው ላሙን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሡ፤ ያን ጥቁር ጠጠርም አነሡ፤ ሁለቱንም ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አላነሡም፤ እኛም አላነሣንባቸውም።

ቀደም ብሎ፣ ገና በሰኔ፣ አባ ዳዳቻ ትንሽ ጥጃ ሰፍተው ቢሮዋ አምጥተውላት ነበር።

«ይወለድ እንዴ?» አሉ።

«ሐኪሙ ገና ነው ብሏል፣ አባ ዳዳቻ።»

«እንግዲያው ላሟም ገና ናት» አሉና ሄዱ። ጥጃው ከታይፑ አጠገብ ካለው መሳቢያዋ ገባ፤ ከካርቦን ወረቀቱ ጋር ከረመ።

ጥር ሲመለስ አቶ ሥዩም ጠራት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጽፈዋል፤ ለዘንድሮ አዲስ ዝግጅት ይታሰብ።

«ምን ብለን እንመልስላቸው፣ ወይዘሮ ተናኘ?»

«ያለፈው መቼ አለቀና?» አለች። «ላሟ አልወለደችም በሏቸው።»

አቶ ሥዩም ሳቀ። እሱም እሑድ እሑድ ሣር ይዞ መሄድ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ጫማውን ከአቧራ ማዳኑንም ትቶታል።

ጀሶው የተፈታው ጾም ሊገባ ሲል ነው። ስንቄ ጀርባዋ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ ግን በምርኩዝ ትቆማለች፤ አልጋውን ይዛ ትራመዳለች። ጂሎና ሚስቱ ሊወስዷት መጡ። ጂሎ በሩ ላይ ቆሞ «ያቺ እርጉዝ ላም የታለች? ዓመት ሙሉ አርግዛ የቆየችው?» አለ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ጥጃው ከመሳቢያው ወጣ። ስንቄ ላሟንና ጥጃውን በሁለት እጇ ለአባ ዳዳቻ አስረከበች። ሽማግሌው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አገላበጡ።

«ከስታለች» አሉ።

«ድርቅ ነበር» አለች ስንቄ።

«ኤዬ፤ ነበር።» የጥጃውን ጆሮ ያዙ። ቢላዋቸውን ግን አላወጡም። ጂሎን፣ ተናኘወርቅን፣ ሲስተርን ተራ በተራ አዩ፤ ምስክር መኖሩን ማረጋገጣቸው ነበር። «ይሄኛው ውሰት አይደለም፤ ሰጥቻለሁ። ጆሮውን አባትህ ይቁረጥ፤ ግራውን።»

ሄዱ። ሙሉነህ በጭነት መኪናው ሊያደርሳቸው ጋቢናውን ለቆላቸዋል፤ አባ ዳዳቻ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ። ተናኘወርቅ መኪናው ከአቧራው ጋር እስኪጠፋ በመስኮት አየች። ከዚያ የስንቄ አልጋ ላይ ቁጭ አለች። ዓመት ሙሉ ስትመላለስ በርጩማው ላይ እንጂ አልጋው ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ጫማዋን በእግሯ አውልቃ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተናኘ» አለች ሲስተር የዓለምወርቅ ከበሩ፤ ክንዷ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ልጅ ይዛለች፤ ከኋላዋ ከሩቅ የመጣች የምትመስል፣ አቧራ የለበሰች ሴት ቆማለች። «ተነሽ እቴ። አልጋው ይፈለጋል። ኦሮምኛሽንም አምጪው።»

«ደክሞኛል» አለች ተናኘወርቅ፤ በእግሯ ጫማዋን እየፈለገች።